አሞራ ገደልና የልጄ የመጀመሪያ መንጠቆ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ልብስ፣ ስለ ምግባቸውና ስለ ትምህርታቸው ብዙ ጊዜ ተጨዋውተናል። ዛሬ ደግሞ ከጓዳችን ወጣ ብለን ወደ ሐዋሳ እንውረድ። ጉዳያችን የዓሣ ማጥመጃ ነው። «ዓሣ ማጥመድ የአባቶችና የወንድሞች ነገር አይደለም ወይ? የሴቶችና የቤተ ሰብን ዓምድ ምን አገባው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን ልጅ «ዓሣ ላጥምድ» ብሎ በጠየቀ ዕለት አባት ሥራ ላይ ወይም ሩቅ አገር ከሆነ፣ ውኃው ዳር አብራው የምትቆመው እናቱ ናት። አብራው የምትቆም ከሆነ ደግሞ በልጇ እጅ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባታል። እኔ ሳላውቅ ቆሜ ያገኘኝን እነግራችኋለሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን በአሮጌው መንገድ ስንሄድ፣ ቆቃ ላይ ልጆች ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው ለመንገደኛው ከፍ አድርገው ሲያሳዩ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አየች። «እማዬ፣ እነሱ ናቸው ያጠመዱት?» አለችኝ። «ይሆናል» አልኳት። መቂን፣ ቀድሞ ዝዋይ ይባል የነበረውን ባቱን፣ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን አልፈን ሐዋሳ እስክንገባ ድረስ ሌላ ወሬ አልነበራትም። መንጠቆ ምን ይመስላል? ዓሣውን ያመዋል? ትሉን ማን ይሰካዋል? አንዱንም በቅጡ መመለስ አልቻልኩም። ያን ጊዜ ባዶ እጃችንን ነበርን። በሚቀጥለው ጉዟችን ግን ቁም ሣጥን ላይ ተጋድሞ የኖረውን፣ አጎቷ ከአሜሪካ ሲመጣ ለአባቷ ያመጣለትን ማጥመጃ ይዘን ወረድን።

አሞራ ገደልን ያላያችሁ ካላችሁ በጧት እዩት። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛ፣ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ማታ መረባቸውን ጥለው ያደሩ አስጋሪዎች ጎሕ ሲቀድ በእንጨት ጀልባቸው እየቀዘፉ ወደ ዳር ይመጣሉ። ወጣቶቹ ቢላዋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ቅርፊቱን ገፈው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው ሲያወጡ እጃቸው አይታይም። ሴቶቹ ከወዲያ በኩል ድስት ጥደው የዓሣ ሾርባ ያፈላሉ። አባ ኮዳዎቹ ደግሞ፣ ቁመታቸው ከልጄ የማያንስ፣ ራሳቸው መላጣ፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት ያንጠለጠሉ፣ እንደ አሮጌ ዳኛ ቆመው የሚጣልላቸውን ይጠባበቃሉ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ፤ እጃችሁ ላይ ያለውን ዳቦ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

እንግዲህ ከዚህ ግርግር ትንሽ ራቅ ብለን ያን ከአሜሪካ የመጣ ዘንግ ገጣጠምነው። ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል። ክር ማጠንጠኛ አለው፤ ጫፉ ላይ የሚያብረቀርቅ የውሸት ዓሣ ታስሯል። በዚያ የውሸት ዓሣ ሆድና ጅራት ሥር ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ሁለት ቦታ ተንጠልጥሏል፤ በጠቅላላው ስድስት ጥርስ ማለት ነው። ለዓይን ያምራል። ልጄ በሁለት እጇ ጨብጣ እንደምንም አነሣችውና በፊልም እንዳየችው ከራሷ በላይ ወደ ኋላ አሽከርክራ ልትወረውር ሞከረች። እኔ ቆሜ የነበርኩት ከኋላዋ ነው። የውሸቱ ዓሣ መጥቶ ነጠላዬን ያዘ፤ እርሷ «ተያዘልኝ!» ብላ ስትስብ መንጠቆው ክንዴ ውስጥ ገባ።

ሕመሙን ተዉት፤ ብዙ አልነበረም። ያስደነገጠኝ ያ መንጠቆ ፊቷ ላይ፣ ዓይኗ ላይ ቢያርፍ ኖሮ የሚለው አሳብ ነው። በመንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የምትመለስ ትንሽ እሾህ ስላለች እንደገባ አይወጣም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ባለሙያው ቆዳዬን ካደነዘዘ በኋላ መንጠቆውን ወደ ፊት ገፍቶ ጫፉን በሌላ በኩል አወጣው፤ እሾኋን ቆርጦ የቀረውን ወደ ኋላ ሳበው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ሰጠኝ። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥማችሁ በቤት ውስጥ ጎትታችሁ ለማውጣት አትሞክሩ። ዓይን አጠገብ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ ሳትነኩት ወደ ሐኪም ሩጡ።

ልጄ ያን ዕለት አለቀሰች። «ሁለተኛ አልነካም» አለች። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ «ተገላገልኩ» ብዬ ነበር። አጠገባችን ሆኖ ሲያይ የነበረ አንድ ሰውም «ድሮስ የሴት ልጅ ነገር ነው እንዴ!» ብሎ ሳቀ። ይህ ሳቅ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ጉዳዩ በዚያው ይቀር ነበር።

በማግሥቱ ሾርባ ልንጠጣ የተቀመጥንባት ሴትዮ የክንዴን ፋሻ አይታ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወንፊቷን አስቀምጣ ከት ብላ ሳቀችና፣ «እኅቴ፣ በዚያማ ትልቅ ሰውም አይችል! ለልጅ የሚሆነው ሌላ ነው» አለች። ልጅ ሳለች ከወንድሞቿ ክር እየሰረቀች በዚሁ ዳርቻ ታጠምድ እንደነበር አጫወተችን። «ወንዶቹ ይመቱኝ ነበር፤ ዓሣዬን ግን ይበሉ ነበር» አለች። ከዚያም አንድ ልጅ ልካ አሮጌ የቀርከሃ ዘንግ አስመጣችና እዚያው ምድጃዋ አጠገብ ልጄን ቁጭ አድርጋ ማስተማር ጀመረች። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ አብዛኛው ከእርሷ የተማርኩት ነው፤ ጥቂቱን ደግሞ ኋላ ሠርቼ ተሳስቼ ያገኘሁት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዘንጉ። ዕድሜው ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ለሆነ ልጅ ማጠንጠኛ የሌለው ቀላል ዘንግ ይበቃዋል። ቀርከሃ በሲዳማ ደጋ በብዛት የሚበቅል በመሆኑ በሐዋሳ ማግኘቱ አያስቸግርም። ርዝመቱ ከልጁ ቁመት እጥፍ አይብለጥ፤ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን መልካም ነው። አረንጓዴው እርጥብ ስለሆነ ይከብዳል፤ ቢጫ ሆኖ የደረቀውን ምረጡ። በጥፍራችሁ እየዳሰሳችሁ የተሰነጠቀ አለመሆኑን እዩ፤ ስንጥሩ የልጅ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ቀጠን ብሎ የሚተጣጠፍ ይሁን፤ ትንሽ ዓሣ ሲነካው ለልጁ እጅ የሚነግረው ይህ ጫፍ ነውና። ክብደቱን የምትፈትኑት እንዲህ ነው፤ ልጁ በአንድ እጁ ዘርግቶ ይያዘውና እናንተ እስከ ስድሳ ቁጠሩ። ስድሳ ሳትደርሱ ጫፉ ወደ መሬት ከወረደ ከባድ ነው፤ ከእጀታው በኩል አሳጥሩት ወይም ሌላ ፈልጉ። ሲገዙ «ያድግበታል» እያሉ ትልቅ የሚመርጡ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በጫማም እንዲሁ እናደርጋለን። ዘንግ ግን እንደ ጫማ ጥጥ አይጠቀጠቅበትም።

ክሩ ናይለን ነው። ውፍረቱ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከዚያ የወፈረው ዓሣውን ያስፈራዋል፤ የቀጠነው የልጅ ጣት ይቆርጣል። ርዝመቱ ከዘንጉ ጋር እኩል ይሁን፤ ከረዘመ ልጁ መልሶ መያዝ አይችልም፣ ዛፍ ላይም ይሰቀላል። ሴትዮዋ ያሳየችኝ አንድ ብልኀት አለ። ክሩን ጫፉ ላይ ብቻ አታስሩት፤ ከመካከለኛው አንጓ ጀምራችሁ ዘንጉን እየጠመጠማችሁ ወደ ጫፉ አምጡና እንደገና ቋጥሩት። ጫፉ ቢሰበር እንኳ ክሩና ዓሣው አይጠፉም፤ ልጁም አያለቅስም።

መንጠቆው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሱቅ ስትገቡ «ትንሽ ቁጥር ስጠኝ» ብትሉ ትልቅ መንጠቆ ይሰጣችኋል፤ የመንጠቆ ቁጥር ከፍ እያለ ሲሄድ መንጠቆው እያነሰ ነው የሚሄደው። ለጀማሪ ልጅ 8 ወይም 10 ቁጥር፣ ባለ አንድ ጥርስ ብቻ። በሐዋሳ ሐይቅ አብዝቶ የሚገኘው ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ ትልቅ መንጠቆ አይጎርስም። አምባዛው አፈ ሰፊ ቢሆንም ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ዓሣ እርሱ ባይሆን ይሻላል፤ ያድጋል፣ ይታገላል፣ በጎንና በጎኑ ባለው እሾህም ይወጋል። መንጠቆውን እንደገዛችሁ ያችን ወደ ኋላ የምትመለሰውን እሾህ በፒንሳ ጭመቁና አስተኟት። «ዓሣው አያመልጥም ወይ?» ትሉኝ እንደሆነ፣ አንዳንዱ ያመልጣል። ነገር ግን የልጅ ጣት ውስጥ ቢገባ በቀላሉ ይወጣል፤ ትንንሾቹንም ዓሦች ሳይጎዱ መልሶ ለመልቀቅ ያመቻል።

ክሩን ከመንጠቆው ጋር ማሰር ልብስ ለምትሰፋ ሴት አይከብድም። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ ታሾልኩና ጫፉን በረጅሙ ክር ላይ አምስት ጊዜ ትጠመዝዛላችሁ፤ ከዚያም ጫፉን ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ቀለበት አሳልፋችሁ ትስባላችሁ። ከማጥበቃችሁ በፊት በውኃ አርጥቡት፤ ናይለን ደረቁን ሲጠብቅ ይሞቅና ይደክማል። ከክር ማጥለቅ ቀጥሎ ከዚህ ዓምድ አንባቢ ባልና ወንድም በፊት የምትለምዱት ሥራ ይኸው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መንጠቆውን የሚያሰምጠው ክብደት ብዙ ጊዜ እርሳስ ከተባለው ብረት ይሠራል። አጥማጆች በጥርሳቸው ነክሰው ክሩ ላይ ሲያጣብቁት ታያላችሁ። ልጃችሁ ይህን እንዲያደርግ አትፍቀዱ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ከአዋቂ ይልቅ ልጅን፣ ይልቁንም አንጎሉን ይጎዳል። በምትኩ ትንሽ ዳዶ ከማንኛውም ጋራዥ ለምናችሁ ብታስሩ ሥራውን አሳምሮ ይሠራል። ለተንሳፋፊው ደግሞ የጠርሙስ ቡሽ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ስፖንጅ ይሆናል፤ መጠኑ ከአውራ ጣት ጫፍ አይበልጥ። ትልቅ ከሆነ ዓሣው ስቦ ሲከብደው ይተፋዋል። ከተንሳፋፊው እስከ መንጠቆው ግማሽ ሜትር አድርጋችሁ ጀምሩ።

ዓሣውን የሚያባብለው የመሬት ትል ወይም ጠንከር ተደርጎ የተለወሰ የዱቄት ሊጥ ነው። የጎለመሰ ቆሮሶ በአብዛኛው በውኃ ውስጥ የሚገኙ ደቃቅ አረንጓዴ ነገሮችን ስለሚመገብ ትሉን ንቆ ሊጡን የሚወስድበት ጊዜ አለ። ልጄ ትል ስትሰካ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ይህን መካድ አልችልም።

አሁን ደግሞ ወደ ሐይቅ ከመሄዳችሁ በፊት በቤታችሁ የምታደርጉት። በክሩ ጫፍ ዳዶውን ብቻ እሰሩ፤ መንጠቆ አይኑር። በግቢው ወይም በኮንዶሚኒየሙ ሜዳ ሳፋ አስቀምጡና ልጁ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ይቁም። ዳዶውን በግራ እጁ ይዞ ዘንጉን ከፍ ሲያደርግ ይልቀቀው፤ እንደ ዥዋዥዌ ሄዶ ሳፋው ውስጥ ይወርዳል። ከራስ በላይ መወርወር የለም። የእኔዋ ልጅ በሁለት ቅዳሜ ሳፋውን መምታት ለመደች፤ የጎረቤት ልጆች ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። ልጁ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ማጠንጠኛ ካማረው፣ ክዳን ያለውንና በአውራ ጣት ተጭነው የሚለቁትን፣ ዘንጉም ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙ የማይበልጠውን ፈልጉለት።

ስለ ውኃው አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ይህ ከማጥመጃው ይበልጣል። ልጁ እግሩን ነክሮ አያጥምድ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ብልሃርዚያ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው፤ በሽታው በውኃ ውስጥ ከሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። በጣናም አለ። ስለሆነም ደረቅ ዳርቻ ላይ ጫማ ተጫምቶ ይቁም። ጉማሬም አለ፤ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል፤ እናንተ ከዚያ በፊት ወደ ቤት ግቡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ እየተነሣ ውኃውን ስለሚያናውጠው፣ ተንሳፋፊውን ለማየትም ቢሆን ጧት ይሻላል። ዋና የማይችል ልጅ፣ የሚችልም ቢሆን፣ ላይፍ ጃኬት የሚባለውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ። ለዓይን መከላከያ መነጽርና ባርኔጣ አትርሱ። አርባ ምንጭ የምትኖሩ እናቶች ግን አባያና ጫሞ አዞ ያለባቸው ሐይቆች ስለሆኑ ይህን ሁሉ እዚያ ዳርቻ አትሞክሩት።

በሦስተኛው ጉዟችን የሆነውን ልንገራችሁ። ጧት ከ12 ሰዓት በፊት አሞራ ገደል ደርሰን አንዱ ጀልባ ሲራገፍ ቆመን እናያለን። አስጋሪው ከመረቡ አንዲት ቆሮሶ ሲያላቅቅ ከአፏ ቢጫ ቢጫ እንቁላል ጀልባው ወለል ላይ ተንጠባጠበ። ልጄ «እማዬ፣ ታማለች!» አለች። አስጋሪው ሳቀና፣ «አልታመመችም፤ እናት ናት። እንቁላሏን በአፏ ነው የምታቅፈው» አላት። ነገሩ እውነት ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ አደጋ ሲያዩ ሮጠው ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያን ጊዜ ሁሉ እምብዛም አትመገብም። ልጄ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ዘንጓን ይዛ ወደ ቦታችን ስንሄድ፣ «እናት ብይዝስ?» አለችኝ። «አፏን አይተን እንለቃታለን» አልኳት። «ትንሽ ብይዝስ?» አለች። ከስንዝሬ ያነሰ ሁሉ እንዲመለስ ተስማማን።

ሁለት ሰዓት ያህል ምንም አልተያዘም። ልጅ ይህን ያህል ይታገሣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ እኛ ሁለት ጊዜ ተነሥተን ጉሬዛ አየን፣ አንድ ጊዜ ሻይ ጠጣን። ከዚያ ቡሿ ጥልቅ አለች። ልጄ ሳበች፤ ብር የመሰለች ቆሮሶ ሣሩ ላይ ወድቃ ተራገጠች። እጃችንን አስቀድመን በውኃ አርጥበን፣ የጀርባዋን እሾህ ከራሷ ወደ ጅራቷ እየደባበስን አስተኝተን ያዝናት፤ በተቃራኒው ብትይዟት ትወጋለች። መንጠቆው በቀላሉ ወጣ። በእጄ ለካኋት፤ ከስንዝሬ ሁለት ጣት ታንሳለች። ልጄ ዓይኔን ዓይኔን አየች። አንድ ጊዜ «ዛሬ ብቻ እንለፈው» ልላት ፈልጌ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ናትና። እርሷ ግን ጎንበስ ብላ ውኃው ውስጥ ለቀቀቻት።

ቀትር ሳይደርስ ሌሎች ሁለት ያዘች፤ አንዱ ስንዝር አለፈ። እሱን ሾርባ ለምትሸጠው ወዳጃችን ወስደን ጠብሳ ሰጠችን። በአሞራ ገደል ዓሣውን ጥሬውን በሚጥሚጣ የሚበሉ ብዙዎች ናቸው፤ ለልጅ ግን በስሎ ይቅረብ። ያ በልጄ ስቆ የነበረውም ሰው እዚያው ነበር። «ከየት ገዛችሁት?» አለ። ወዳጃችን «ከውኃ» አለችው።

ከመሄዳችሁ በፊት የተቆረጠ ክር መሬት ላይ እንዳይቀር ለቃቅሙ። ናይለን ዓመታት ቢቆጠሩም አይበሰብስም፤ የአባ ኮዳዎቹንና የሌሎቹን ወፎች እግርና ክንፍ እየጠለፈ ይጎዳቸዋል። ሁለት ሜትር ተኩል ቀርከሃ ይዞ አውቶቡስ መሳፈርም ከረዳቱ ጋር ያጣላል። እኛ ዘንጉን ሾርባ ቤቷ ማገር ላይ አኑረን ክሩን ብቻ በትንሽ እንጨት ላይ ጠምጥመን፣ መንጠቆውን ቡሽ ላይ ሰክተን ይዘን ተመለስን። አሁን የእኔ መርፌና ክር ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው፤ ቁልፍ ልተክል በከፈትኩት ቁጥር ልጄ መጥታ ዝጎ እንደሆነ ታየዋለች።